ሙሽራው ስንት ይመዝናል?

ሊዝበን፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1998

ለተከበሩ አክስቴ ለቶሜ፣
ካሚዩ

የበጋው ወበቅ አልፎ የተራራው አየር ሲቀዘቅዝ እርስዎ እንደሚበረቱ አውቃለሁና፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና እንደሚያገኝዎት ተስፋ አለኝ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ማደሪያ ቤቱስ? ፍል ውሃው እንደ ዱሮው ይፋጃል? እኔ በሰው አገር ደህና ነኝ። የግድግዳ ሴራሚክ እየቀባሁ ኑሮዬን እገፋለሁ።

አክስቴ፣ የሚቀጥለውን ቁጭ ብለው ያንብቡት። በጁን ወር አግብቻለሁ።

ስሙ ዱአርቴ ነው። የዚሁ አገር ሰው ሲሆን ወንዙን የሚያሻግሩት ጀልባዎች መካኒክ ነው። እጁ ግራሶ ግራሶ ይሸታል፣ ሆዱም ትንሽ ቀደም ቀደም ይላል፤ ክፉ ቃል ግን ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ማዘጋጃ ቤት ሄደን ፈረምን፣ የተጠበሰ ዓሣ በላን፣ እናቱ አለቀሰች፣ አበቃ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉኝ እርስዎ ሆነው ሳለ ሳላማክርዎ ማድረጌ እስካሁን ይቆጠቁጠኛል።

ግን ሠርጉ ገና አላለቀም፤ ለሱም ነግሬዋለሁ። «የካሚዩን ልጅ ያገባ የሌላ አገር ሰው በጃንዋሪ አሥራ አምስት ከመቅደሱ ጀርባ ካለው ኮረብታ ላይ በረዶ ውስጥ ይወረወራል» ስለው ሳቀ። የምሬን መሆኑን ሲያውቅ ደግሞ ሳቁን አቆመ። «አንገቴ ቢሰበርስ?» አለኝ። «በረዶው ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ማንም ተሰብሮ አያውቅም» አልኩት። «ከላይ ‘የማን ሰው ነህ?’ ብለው ይጮኹብሃል። አንተ እዚያው እንደተቀበርክ ‘የካሚዩ ሰው ነኝ’ ትላለህ። ከዚያ ያወጡሃል፣ ሁሉም ከሰል በበረዶ እያሸ አንዱ የሌላውን ፊት ይቀባል።» አባቴ የሩዝ መጠጡን ሳኬ ሲቀምስ «ልጄን የወሰደ ከኮረብታው ሳይወረወር አማቼ አይባልም» ይል የነበረውን ያስታውሳሉ። የጎረቤታችን የሃትሱ ባል ከታች ከተማ መጥቶ በተወረወረ ማግስት፣ ስለ ፍል ውሃው በተደረገው ስብሰባ ላይ ከሁሉም በላይ ሲጮኽ እንደዋለም እየሳቀ ያወራ ነበር። የተወረወረ ሰው በውሃው ላይ ድምፅ አለው፤ የአያቶች ሕግ ነው።

አባቴ ካለፈ ወዲህ አገሬን አላየሁም። በጃንዋሪ እንመጣለን፣ አንድ ክፍል ያስቀምጡልን።

ልጅዎ ናጊሳ

—

ካሚዩ፣ ኦክቶበር 30 ቀን 1998

ለልጄ ለናጊሳ፣

ቅጠሉ ቀልቶ ረግፎ አለቀ፤ ተራራውም አናቱ ላይ ነጭ ሻሽ አስሯል። እንደምን ሰንብተሻል? የተራራው አምላክ በባሕሩ ማዶም ሆነሽ ይጠብቅሽ። እኔ አለሁ።

ደብዳቤሽ ሲደርስ ፍጅል በጨው እየደረደርኩ ነበር። «አግብቻለሁ» የሚለው ጋ ስደርስ የመጫኛውን ድንጋይ እግሬ ላይ ለቀቅኩት። አውራ ጣቴ እስከ ዛሬ ጥቁር ነው። «መልሱ የዘገየው በእግሬ ምክንያት ነው» ብዬ ልጽፍልሽ አስቤ ነበር፤ ሰው ግን በእግሩ አይጽፍም።

ማዘጋጃ ቤት! ሰው ማዘጋጃ ቤት የሚሄደው ውሻ ሊያስመዘግብ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ አንቺም እንደ አባትሽ ከልጅነትሽ ሩጫ ትወጃለሽ። ሃትሱ ስትሰማ «ናጊሳ፣ የባሕር ዳርቻ ብላችሁ ስም አውጥታችሁላት ተራራ ላይ ትቀራለች ብላችሁ ነው?» አለችኝ። ስምሽን ያወጣው አባትሽ እንጂ እኔ አይደለሁም ብያታለሁ።

አሁን ስሚኝ። በጃንዋሪ አይሆንም። ማደሪያ ቤቱ እስከ ማርች ድረስ ሞልቷል። ከቶኪዮ የሚመጡ የበረዶ ሸርተቴ ተጫዋቾች አሥሩንም ክፍል ይዘዋል፤ ጫማ ማስቀመጫው ራሱ አልበቃ ብሎናል። በረዶውም ዘንድሮ ይከብዳል ይላሉ። በሜይ ኑ፤ የተራራው ጎመን ይደርሳል፣ ወንዙም ይሞላል። የወርዋሪዎቹ አለቃ ገንዞ ሰላም ብሎሻል፣ የሠርጉን ከበሮ አዲስ ቆዳ አልብሶታል።

የሰውየውን ፎቶ ላኪልኝ።

አክስትሽ ቶሜ

—

ሊዝበን፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1998

ለተከበሩ አክስቴ፣

ብርዱ በርትቶብዎት ይሆን? አውራ ጣትዎን ማረኝ እለዋለሁ።

ፎቶው እነሆ። በእጁ የያዘው ኦክቶፐስ ነው፤ እንዳይደነግጡ። ፎቶ ሲነሳ የሚስቅ ሰው ነው እንጂ ሁልጊዜ እንዲህ አያገጥጥም።

ግን አክስቴ፣ በሜይ? በሜይ ከኮረብታው ወደ ጭቃ የተወረወረ ሰው ሙሽራ አይባልም፣ ሰካራም ነው የሚባለው። ክፍል ሁሉ ከሞላም ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለው የኔ ክፍል አለ፤ እሱን ለእንግዳ አከራይተው አያውቁም። እሱም ከተያዘ ዕቃ ቤቱ ውስጥ በፍጅሉ በርሜሎች መሃል እንተኛለን። ዱአርቴ የጀልባ ሞተር ሥር ተኝቶ የሚያድር ሰው ነው።

እውነቱን ልንገርዎ፤ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ባደግሁበት ቤት ለኔ ቦታ የለም? ለዱአርቴ ተርጉሜ ስነግረው የሞላውን ነገር ዘለልኩት። «በረዶ ስለበዛ ነው» አልኩት። ለባሌ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው።

ገንዞን ሰላም ይበሉልኝ። ከበሮውን ለኛ ያስቀምጥልን።

ናጊሳ

—

ካሚዩ፣ ኖቬምበር 26 ቀን 1998

ለናጊሳ፣

እንደምን አለሽ። እዚህ በረዶ ጀምሯል።

ፎቶሽ ደረሰ። በሁሉም እጅ ዞሯል። ኪኑ መነጽሯን ሳታደርግ አይታ «ባሏ የትኛው ነው?» አለች። ጢሙ ይሁን፣ ይላጫል። ፊቱ ክፉ አይደለም፤ የበላ የጠጣ ሰው ፊት ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስንት ይመዝናል? በፎቶው ትከሻው ሰፊ ነው፤ ኦክቶፐሱ አሳንሶት ከሆነም አላውቅም።

ስለ ጃንዋሪ ግን ያልኩትን ብያለሁ። የሚወረውሩት ወንዶች ዘንድሮ ሥራ በዝቶባቸዋል። ሌላም ነገር አለ፤ ሆድ ይፍጀው። ለምን እንደ ሕፃን ታስጨንቂኛለሽ? በሜይ ኑ።

ቶሜ

—

ሊዝበን፣ ዲሴምበር 5 ቀን 1998

ለአክስቴ ለቶሜ፣

ጤናዎን እየተመኘሁ በቀጥታ ወደ ነገሬ እገባለሁ።

ክብደቱን ጠየቁኝ። በሬ ነው የምሸጥልዎ? ምን ይሠራል፣ ምን ይወዳል፣ ይመታሽ ይሆን፣ ያስቅሽ ይሆን ብሎ የጠየቀኝ የለም። ስንት ኪሎ ነው? ዘጠና ስምንት። ይኸው።

አሁን እኔም ልጠይቅዎ፤ በቃ አፍረውበት ነው? ፀጉሩ ከሌላው ሰው ስለሚለይ፣ ቋንቋችንን ስለማያውቅ፣ እጁ ግራሶ ስለሚሸት ነው? «ቶሜ ያሳደገቻት ልጅ ምን ይዛ መጣች» እንዳይባል ነው? ከሆነ በአንድ መስመር ይጻፉልኝ፣ ይለይልኝ። በእንግዳ ብዛትና በበረዶ አያመካኙብኝ። እኔ በበረዶ ውስጥ ነው ያደግሁት።

ቲኬቱን ይዘናል። እስከ ዲሴምበር ሃያ ድረስ መልስ ካላገኘሁ እመልሰዋለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ካሚዩ ሁለተኛ አልጠይቅዎትም። ዱአርቴም ሳይወረወር ይቅር፤ ባሌ መሆኑ አይቀር።

ናጊሳ

—

ካሚዩ፣ ዲሴምበር 13 ቀን 1998
በፈጣን መልእክት

ናጊሳ፣ ሰላምታውን ዝለይው፣ ጊዜ የለም። ኑ።

እስከ ታችኛው ከተማ እስከ ታኪሺታ በአውቶቡስ ትመጣላችሁ። ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ አይወጣም። በረዶ የሚጠርገው ኦኩዳ በመኪናው ያመጣችኋል፣ ነግሬዋለሁ። ታኪሺታ ፍል ውሃ ገብታችሁ እንዳትዘገዩ፤ ሲመሻሽ መንገዱ ይዘጋል።

ዘጠና ስምንት ብዙ ነው። እስከዚያ ዳቦውን ቀነስ ያድርግ። ሃትሱ «ከሰማንያ አምስት ባያልፍ» ትላለች። ወፍራም የገለባ ጫማ አለኝ፤ የሱ እግር ግን አይገባበትም፣ የራሱን ይዞ ይምጣ። ለወርዋሪዎቹ ከዚያው አገር ጠንካራ መጠጥ አምጡ፤ ጣፋጭ ቢሆን ይመረጣል። የሚመልሰውን ቃልም በደንብ አስጠኚው። ያንን ካልመለሰ ሁሉም ከንቱ ነው።

በሱ አላፈርኩም። ያፈርኩት በሌላ ነገር ነው፤ ስትመጪ ታዪዋለሽ።

ቶሜ

—

ሊዝበን፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 1999

ለምወድዎትና ለተከበሩ አክስቴ፣

በረዶው እንዴት ይዞዎታል? ጎንዎስ ተሻለዎት? እኛ በሰላም ገብተናል። ዱአርቴ ጀርባው ላይ ሰማያዊ ምልክት አለው፤ ለጀልባው ሠራተኞች ሸሚዙን እያወለቀ ያሳያል።

እኔን ግን ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም። እዚያ እያለሁ አፌን በከፈትኩ ቁጥር «ብዪ፣ ይበርዳል» እያሉ አፌ ውስጥ የሩዝ ቂጣ ሲከቱብኝ ነበር። አሁን ግን በመሃላችን ባሕር አለ፣ አይደርሱብኝም፤ ስለዚህ ያየሁትን ሁሉ እናገራለሁ።

ታኪሺታ ስንደርስ ነገሩ ሁሉ ደህና ነበር። መንገዱ በፋኖስ ደምቋል፣ የከተማ ሰው የመታጠቢያ ልብሱን ለብሶ የእንጨት ጫማውን እያንኳኳ ከአንዱ ፍል ውሃ ወደ ሌላው ይሄዳል። ዱአርቴ በእንፋሎት የተቀቀለ እንቁላል አራት በላ። ዳቦ ቀንስ እንጂ እንቁላል ቀንስ አልተባልኩም አለኝ። ኦኩዳ መጣና ሻንጣችንን ጫነ። በግራም በቀኝም በረዶው እንደ ግንብ ቆሟል። «እንግዳ በዝቷል አሉ ላይ ቤት» አልኩት። ዞሮ አየኝ። «የምን እንግዳ? እኔ ይህን መንገድ የምጠርገው ለአምስት አሮጊቶች ነው እኮ» አለ።

የቀለደ መሰለኝ። መንደሩ ስንገባ ግን የመኪናውን መስኮት ጠርጌ አየሁ። ሲመሻሽ መብራት የሚበራባቸው ቤቶች የት አሉ? በበረዶው ላይ የጣሪያ ጫፍ ብቻ እዚህም እዚያም ብቅ ብሏል። የገንዞ ቤት መሃሉ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ገብቷል። «ገንዞ የት ሄደ?» አልኩት ሹፌሩን። «ገንዞማ ከሞተ ሦስት ዓመቱ!» አለ። አክስቴ፣ በኦክቶበር በደብዳቤ ሰላም ያለኝ ሰው! ከበሮውን አዲስ ቆዳ ያለበሰው ሰው!

እርስዎ የበሩን ፋኖስ አብርተው፣ መግቢያውን ጠርገው፣ የክት ልብስዎን ለብሰው ቆመዋል። የእንግዳ ጫማ መደርደሪያ ላይ አንድ ጫማ የለም። «እንግዶቹስ?» ስልዎት «ሸርተቴ ላይ ናቸው» አሉኝ። በጨለማ! ዱአርቴ ምን እንዳሉ ሲጠይቀኝ ምን ብዬ ልተርጉምለት? ወደ ክፍሌ ሳልፍ ደግሞ የክፍሎቹን ምንጣፎች አየሁ፤ ሁሉም ተጠቅልለው በገመድ ታስረው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ያንን ለመጠየቅ ፈራሁ።

ጠዋት አራቱ ጎረቤቶችዎ ሃትሱ፣ ኪኑ፣ ሺጌና ዮኔ ራሳቸውን በሻሽ ጥፍር አድርገው አስረው መጡ። ዱአርቴ አንገቱን ደፍቶ እጅ ነሳና «ደግሰው ሊቀበሉን ነው?» አለኝ። «ወንዶቹ የት አሉ?» ብዬ ሃትሱን ጠየቅኳት። ያመጣነውን ጣፋጭ መጠጥ አንድ ጊዜ ጨለጠችና «እኛ ነን» አለች። እርስዎ ዓይኔን አላዩም፤ ጓንትዎን እያጠለቁ ነበር።

እኔ በልጅነቴ ወንዶቹ ሙሽራ ሲወረውሩ ለማየት ኮረብታው ጫፍ ብወጣ፣ ገንዞ «ሴት እዚህ አትወጣም» ብሎ በጆሮዬ ጎትቶ አውርዶኛል። ያኔ ያጽናናችኝ ሃትሱ ናት። አሁን ይህችው ሃትሱ ባሌን በእንጨት መጎተቻው ላይ አስተኝታ «ሆዱን ወደ ላይ! ወደ ላይ አድርጉት!» እያለች ወደዚያው ጫፍ ታስጎትታለች። ኪኑ በየአሥር እርምጃው ትቆምና «ዘጠና ስምንት ብለሽ ጽፈሽ የለም? ይኼ መቶ አሥር ነው! አጭበርብረሽናል!» ትለኛለች። ዱአርቴ ወርጄ ልሂድላችሁ ብሎ ቢለምንም ዮኔ በዱላዋ ጉልበቱን መታ አድርጋ «ሙሽራ በእግሩ አይሄድም!» አለችው። አንድ ቃል ሳይገባው እግሩን ሰበሰበ።

ጫፉ ላይ አነሳችሁት። አንድ፣ ሁለት አላችሁ፣ ሦስት ሳይባል ሺጌ ተንሸራተተች፣ ዱአርቴም ሄደ። ቀበቶውን የያዙት እርስዎ ነበሩ። አልለቀቁም። አክስቴ፣ በአየር ላይ ሲሄዱ በዓይኔ አየሁ። ሰባ ስምንት ዓመትዎ ነው! ሁለታችሁም በረዶው ውስጥ ገባችሁ፤ ከላዩ ላይ ጉድጓድ ብቻ ቀረ። ጮኽኩ መሰለኝ፤ ድምፄን ግን አልሰማሁትም። በቃ ሁለቱንም ገደልኳቸው አልኩ። ሃትሱ ጫፉ ላይ ተንበርክካ፣ የገንዞን ቃል በገንዞ ዜማ፣ «የማን ሰው ነህ?» ብላ ጠራች።

እንደገና ጠራች። ከጉድጓዱ ውስጥ የባሌ ድምፅ፣ ሁሉንም ፊደል እየሰባበረ፣ «የካሚዩ ሰው ነኝ!» አለ። ከሱ ሥር ደግሞ በቀጭኑ «እኔም ነኝ!» የሚል ተሰማ።

ሴት ተጠይቃም መልሳም አታውቅም። ሃትሱ እያለቀሰች ትስቅ ነበር፤ እኔም እንደዚያው። ሁለታችሁንም በገመድ ስናወጣችሁ፣ ፊትዎን ከሰል ስቀባዎት፣ ኋላም ሁላችን ፍል ውሃው ውስጥ ገብተን በረዶው ራሳችን ላይ ሲወርድብን፣ እርስዎ ፊትዎን አዙረው ሲያብሱ ነበር። «እንፋሎቱ ነው» አሉኝ። እኔ ያደግሁት በዚያ እንፋሎት ነው፤ እንደዚያ ዓይን አያቀላም።

አክስቴ፣ ያንን ክፉ ደብዳቤ በመጻፌ ይቅር ይበሉኝ። ግን ለምን አልነገሩኝም? ምንጣፎቹስ ለምን ታሰሩ?

ሰርዲን ልኬያለሁ። ለአምስት ይካፈሉት።

ልጅዎ ናጊሳ

—

ታኪሺታ፣ የማዘጋጃ ቤት መኖሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ኤፕሪል 8 ቀን 1999

ለልጄ ለናጊሳና ለልጄ ለዱአርቴ፣

እንደምን ከረማችሁ? እዚህ ታች በረዶው ቀልጦ መንገዱ ዳር ቢጫ አበባ ወጥቷል። የተራራው አምላክ ሁለታችሁንም ያኑርልኝ። ጎኔ ድኗል። ሰርዲኑን በላነው፤ ኪኑ ዘይቱንም ጠጣችው።

አድራሻውን ከላይ አይተሽ ደንግጠሻል። አዎ፣ ወርደናል። አምስታችንም በአንድ ኮሪደር ነን። ግድግዳው ስስ ነው፤ የሃትሱን ማንኮራፋት ካሚዩ ከነበርንበት ጊዜ ይበልጥ አሁን እሰማዋለሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ማደሪያ ቤቱ ከተዘጋ አራት ክረምት አልፎታል። አሥሩም ክፍል ባዶ ነበር። የመጀመሪያውን ደብዳቤሽን ባገኘሁበት ሳምንት አምስታችን ተሰብስበን፣ በቃ ከዚህ በላይ በረዶ አንችልም፣ ዲሴምበር ሃያ እንወርዳለን ብለን ነበር። ዕቃ የሚጭን መኪና ታዝዟል፤ ምንጣፎቹ የታሰሩትም ለዚያ ነው። አንቺ ደግሞ ሙሽራ ይዤ እመጣለሁ ትያለሽ! መንደሩ ሞቷል፣ ወርዋሪ የለም፣ ገንዞ የለም ብዬ እንዴት ልጻፍልሽ? እዚያ ማዶ ሆነሽ ስታስቢው ሙሉ መንደር እንዲመስልሽ ፈለግሁ። በሜይ ብትመጪ ታኪሺታ ተቀብዬ ዓሣ አብልቼ እመልስሽ ነበር። ይኼ ነው ያፈርኩበት።

ያ የቁጣ ደብዳቤሽ ሲመጣ ፍል ውሃው ውስጥ ሆነን ለሁሉም አነበብኩት። «በሬ ነው የምሸጥልዎ?» የሚለው ጋ ስደርስ ሺጌ ውሃ ሊወስዳት ነበር በሳቅ። ሳቁ ሲበርድ ዮኔ «ልጅቷ በባሏ ያፈርን መሰላት እኮ» አለች። ራቁታችንን እንደተቀመጥን ድምፅ ሰጠን። አምስት እጅ ከውሃው ወጣ። መኪናውን መለስነው፣ አንድ ክረምትም ጨመርን። ክብደቱን የጠየቅሁሽ ለምን እንደሆነ አሁን ገባሽ? እኔ ገና በኖቬምበር በልቤ እያሰላሁ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ አንበሳው ግን እንደ ባልሽ አይከብድም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ማዘጋጃ ቤቱ መኖሪያ የሰጠን ውሃውን ልናስረክብ ነው። የታኪሺታ ፍል ውሃ እየቀዘቀዘ ነው፤ እነዚያ ሁሉ እንግዶች እንዳይቀሩባቸው የካሚዩን ውሃ በቧንቧ ሊያወርዱት አስበዋል። ላይ ያለውን ገንዳ ያፈርሱታል። እኛ አምስታችን ፈርመናል፤ የኪኑን ጉልበትና የዮኔን ዓይን ይዘን ሌላ ክረምት አንችልም፣ ያለ ፊርማ ደግሞ ቤት የለም። ሊያስፈርመን የመጣው የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ትሑት ነው፤ ሻይ ጠጣ፣ ወረቀቱን ሰበሰበ፣ «ሌላ የመንደሩ ሰው አለ?» ብሎ ለወጉ ጠየቀ።

«አንድ አለ» አልኩት።

«የት?»

«ሊዝበን። ጀልባ ይጠግናል። ወፍራም ነው።»

ሳቀ። የውሃውን የአያቶች ደንብ አወጣሁለት፤ በረዶ ውስጥ ሆኖ የመለሰ ሁሉ በውሃው ላይ ድምፅ አለው፣ አንድ ድምፅ ከጎደለ ውሃው አይሸጥም፣ አይነካም ይላል። የዛሬ ሰባ ዓመት ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ማኅተም አድርጎበታል። ሰውየው ማኅተሙን ሲያይ ሳቁን ዋጠ። አለቃውን ጠራ፣ አለቃው ደግሞ የሱን አለቃ። ሃትሱ ከበረዶው ስንወጣ የተነሳነውን ፎቶ አሳየቻቸው፤ ዱአርቴ ከሰል ተቀብቶ፣ እኔ ጀርባው ላይ ተንጠልጥዬ። ሦስቱም እየተቀባበሉ አዩት።

ይህን በዲሴምበር አስቤው እንደሆነ እንዳትጠይቂኝ። አርጅቻለሁ፣ እረሳለሁ።

ሐሙስ ሐሙስ ኦኩዳ አምስታችንንም ጭኖ ላይ ያደርሰናል። ጣሪያው ወድቋል፤ ገንዳው ግን አለ፣ ውሃውም ያው እንደሚፋጅ ነው። ስትመጡ የበሩን ፋኖስ አበራለሁ።

ከዚህ በፊት ፎቶ ለመንኩሽ፣ ክብደት ለመንኩሽ፣ መጠጥ ለመንኩሽ። ይኼኛው ከሁሉም ይቀላል። ለሰውየው «ወረቀቱን ለዱአርቴ በራሴ እጅ እልክለታለሁ» ብዬ ቃል ገብቻለሁ። እኔ ቃሌን አላጥፍም፤ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። የሚፈረምበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ተደርጎበታል።

ዱአርቴ እንዳይፈርም።

የካሚዩዋ ቶሜ